ከአማቴ ጋር ኮሸሽላ ስንነቅል

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ ሴት ነኝ። ብርድ ሲባል የማውቀው ታኅሣሥ ላይ ጎህ ሲቀድ የሚነፍሰውን፣ ሻይ እስኪፈላ እንኳ የማይቆየውን ለስላሳ ነፋስ ነበር። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቼ የገባሁ ሰሞን ግን ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ጎረቤት የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ነገ እመለሳለሁ እያልኩ ሻንጣዬን ሳላራግፍ ከረምኩ። ከዚያ አንድ የሚኒባስ ሹፌር አገባሁ፤ ሻንጣውም ተራገፈ።

ባሌ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር መካከል ሰው ያመላልሳል። ተወልዶ ያደገው አንኮበር፣ አባቱ ቄስ ሆነው ካገለገሉበት ደብር አጠገብ ነው። ልጅ ስንወልድ የፋብሪካ ሥራዬን ተውኩና በግቢያችን ሁለት የወተት ላሞች ማርባት ጀመርን። እኔ ላም ማርባት ማለት ማለብና ወተት መሸጥ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ዋናው ሥራ የሚበሉትን መፈለግ ነው። በጋ ሲገፋ ድርቆሽ ከገበያ ይጠፋል፤ የተገኘውም ግማሹ እሾህ ነው። ላሞቼ በአፍንጫቸው እየገፉ ሲመርጡ፣ እኔም የተረፈውን ጠርጌ ስደፋ፣ አንጀቴ ያርር ነበር።

አማቴ ባላቸው ካረፉ በኋላ አንኮበር ለብቻቸው ይኖራሉ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሲራመዱ ከኋላ ያያቸው ሰው ወጣት ናቸው ብሎ ነው የሚገምታቸው። እኔን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም። ደግም ተናግረውኝ አያውቁም። የሚያናግሩኝ በልጃቸው በኩል ነበር። ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ፣ «ሚስትህ ወጥ ይጨመርላት ወይ?» ብለው እሱን ይጠይቁታል። እሱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወጥ ይጨመርልሽ ወይ?» ይለኛል። እኔም፣ «በቃኝ በላቸው» እላለሁ። አንድ ገበታ ላይ ሆነን በአስተርጓሚ ነበር የምንነጋገረው። ለሰው ሲያስተዋውቁኝ ደግሞ «ሙሽሪት» ነኝ፤ ልጄ ትምህርት ቤት ገብታም ሙሽሪት ነበርኩ።

በአንድ የጥቅምት ቀን ለባሌ አባት ሙት ዓመት አንኮበር ሄድን። ዝክሩ አልቆ ሰዉ ሲበተን እግሬን ላፍታታ ብዬ ከቤቱ ጀርባ ወጣሁ። ከዚያ በፊት የምንሄደው ለበዓል ስለነበር ከምድጃው አጠገብ ርቄ አላውቅም፤ ለብርዱ ስል። ከጓሮው ጀምሮ እስከ ገደሉ አፋፍ የሚዘልቅ ሰፊ መሬት ተዘርግቷል። የሰው መሬት መሆኑ የሚታወቀው ዳር ዳሩን በተደረደረው የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። ከካቡ ሥር ቀጋና እንጆሪ ተጠላልፎ ግድግዳ ሆኗል። መሐሉን ደግሞ እስከ ደረቴ የሚደርስ፣ ክብ ክብ ሰማያዊ ራስ ያለው፣ ቅጠሉ ሁሉ እሾህ የሆነ ተክል ሞልቶታል። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀረብ ስል በቀሚሴ አልፎ ጭኔን ወጋኝ።

እያሸሁ ጎንበስ ስል ግን ከእሾሁ ሥር ሌላ ነገር አየሁ። አረንጓዴ፣ ርጥብ፣ ለስላሳ ሳር። ላሞቼ ቢያዩት ያብዱ ነበር።

ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አስተርጓሚ ተናገርኩ።

«እማማ፣ ከጓሮ ያለው መሬት የማን ነው?»

አማቴ ልጃቸውን አዩት። አፉ በእንጀራ ሞልቶ ስለነበር አልደረሰላቸውም።

«የእኛ ነዋ» አሉ። «ድሮ የሳር መስክ ነበር። ቄሱ ከታመሙ ወዲህ ኮሸሽላ ወረሰው።»

«ለምን አንመልሰውም?»

«ምኑን?»

«ሳሩን። ግማሹ ለላሞቼ ድርቆሽ ይሆናል፣ ግማሹ ለእርስዎ በጎች።»

አማቴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለመሆኑ ሚስትህ ኮሸሽላ ምን እንደሆነ ታውቃለች?»

«አሁን ተዋውቀናል» አልኩና ጭኔን አሸት አደረግሁ።

ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ።

በቀጣዩ ሰኔ ጀመርን። ቀጋውንና እንጆሪውን ባሌና የሰፈሩ ወንዶች በደቦ ወጥተው በመጥረቢያ ጣሉልን። ለአጥር የሚሆነው ለአጥር ሄደ፣ የቀረው ማገዶ ሆነ። ኮሸሽላው ለእኔ ተረፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ ላሞቹንና ልጄን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ በባሌ መኪና ወደ አንኮበር እወጣለሁ። ሁለት ሹራብ፣ ከላይ ጃኬት፣ ከጃኬቱ ላይ የባሌን ካፖርት ደርቤ ማጭዴን ይዤ ስገባ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሰው ነች ወይስ የወፍ ማስፈራሪያ እያለ ቆም ብሎ ያየኝ ነበር።

ከመሬት እኩል አድርጌ አጨድኩት። ከጥቂት ቅዳሜዎች በኋላ መስኩ ተላጨ። ፎቶ አንስቼ ለድሬ ዘመዶቼ ላክሁ፤ እነሱም የእርሻ ባለቤት ሆንሽ ብለው ዘፈን አወረዱልኝ። ከዚያ ዝናብ በርትቶ መንገዱ ሲበላሽ ሳልሄድ ሰነበትኩ። ስመለስ አንድ አገዳ የነበረበት ቦታ ሁሉ ሦስትም አራትም ሆኖ በቅሏል።

«አቦ! ይሄ ነገር ይቀልድብኛል እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

አማቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከኋላዬ ቆመው ነበር። «አጨድሽው ወይስ ዘራሽው?» አሉኝ።

ልብ አልኩ። «ሚስትህ» አላሉም፤ ባሌም አጠገባችን የለም። ፊት ለፊት ነው የተሳለቁብኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

«እንግዲያው እርስዎ ያሳዩኛ» አልኩ።

«ማረስ ነው እንጂ! ማረሻ የገለበጠው ነገር ምን አቅም አለው?»

በሬ የሚጠምድ ዘመድ አስጠርተው አሳረሱት። መሬቱ ጥቁር ሆኖ ተገልብጦ ሲታይ አማቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ባለሥልጣን ዞሩት። ዝናቡ ሲቀጥል ግን ሌላ ጉድ መጣ። ከኮሸሽላው ሌላ መሬቱ ውስጥ ቱልት ነበረበት፤ ሥሩ እንደ ካሮት ወደ ታች የሚሄድ፣ ቅጠሉ ሰፋፊ አረም ነው። ማረሻው ያንን ሥር ከታትፎ በየትልሙ በትኖት ኖሮ፣ ቁራጩ ሁሉ ለየብቻው ቅጠል አወጣ። መስኩ ጎመን የተተከለበት መሰለ።

አማቴ ካቡ ላይ ተቀምጠው አዩት። አጠገባቸው ሄጄ ቁጭ አልኩ።

«እማማ፣» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «አሳረሱት ወይስ አስዘሩት?»

ለአፍታ ፈራሁ። እሳቸው ወደ ፊት እንዳዩ፣ «ዝም በይ አንቺ» አሉ። ከንፈራቸው ግን መቻል አቃተው። ተደጋግፈን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሳ መስኩንና ጎመናችንን ሸፈነው፤ እኛ ግን አላቆምንም።

ሰኞን ጠብቀን ተያይዘን ወደ ግብርና ጣቢያ ወረድን። ያገኘናት ባለሙያ የደነባ ልጅ ናት፤ ወጣት፣ ፈጣን ተናጋሪ፣ ስትራመድም እንደ ንግግሯ። አብራን ወጥታ መስኩን አየችው፤ አንድ ኮሸሽላ በዶማ ቆፍራ ሥሩን አሳየችን።

«ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም» አለች። «ይሄ ሥሩ መሬት ውስጥ እስካለ ድረስ ብታጭዱት ተመልሶ ይመጣል። ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው፣ አበባ ሳያወጣ፣ ከነሥሩ አውጡት። ቱልቱንም እንደዚሁ፤ የወጣውን ሥር ደግሞ እዚያው እንዳትጥሉት። ባዶ የቀረውን መሬት ባዶ አትተዉት፤ አጃ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ዝሩበት። አጃው ቀድሞ ያድግና አረሙን ብርሃን ይነሳዋል። ከዚያ በኋላ ሳሩና ማገጡ ራሱ ቦታውን ይይዛል።»

«ማገጥ?» አሉ አማቴ። «ተመልሶ ይመጣል?»

«ዘሩ መሬቱ ውስጥ ይኖራል፣ እትዬ። ቦታ ካገኘ ይመጣል።»

ማገጥ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ተክል ነው፤ ከብት ከሳር አስበልጦ ይወደዋል። ወደ ቤት ስንገባ አማቴ ሳልጠይቃቸው፣ «ቄሱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጫማቸውን አውልቀው ማገጡ ላይ ይራመዱ ነበር» አሉኝ። «ሰው አየኝ አላየኝ ብለው ዙሪያቸውን ይቃኙና፣ ከዚያ እንደ ልጅ።» ስለ ባላቸው ለእኔ የነገሩኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ያን ቀን ወጥ ይጨመርልሽ ወይ ብለው የጠየቁኝም ራሴን ነው።

ዋናው ዘመቻ የሆነው በሁለተኛው ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ መሬቱ እንደ ሊጥ ለስልሶ ነበር። ባሌ ከአንድ የሥራ ቦታ ወፍራም የቆዳ ጓንት ለሁለታችንም አመጣልን። አማቴ ጓንቱን ገልብጠው አዩት፤ አሸተቱት፤ መለሱለት።

«እጄ ራሱ ጓንት ነው» አሉ።

መሬቱ ሰፊ ስለሆነ ከየት እንደምንጀምር ስንነጋገር፣ ከመሐል ገመድ እንዘርጋና ግራው የእርስዎ፣ ቀኙ የእኔ ይሁን አልኳቸው። ሥራ ለማቃለል ብዬ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እሳቸው ግን ዓይናቸው በራ።

«ማታ የሁለታችን ክምር ይታያል» አሉ። «ክምሯ ያነሰ የሌላዋን እግር ታጥባለች።»

ባሌ ሳቁን ዋጠ። አማት የምራቷን እግር ስታጥብ በዚያ አገር ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። እኔ የሳቸውን ባጥብ ምንም ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ደንብ ነው። ሴትዮዋ የሚያሸንፉ ስለመሰላቸው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው አይወጣም ነበር።

እንዲህ ያለ ቀን ሠርቼ አላውቅም። ዶማውን ከተክሉ አጠገብ ወደ ታች እሰካለሁ፤ አፈሩን ከፍ አደርጋለሁ፤ ከዚያ አንገቱን ይዤ በሙሉ ሰውነቴ ወደ ኋላ እጋደማለሁ። መጀመሪያ እምቢ ይላል። ከዚያ ከመሬቱ ውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ እንደ ጨርቅ ቅደት ያለ። ቀጥሎ ሥሩ ከነሙሉ ርዝመቱ ስልል ብሎ ይወጣል። የዚያ ደስታ! ሥሩ ሳይበጠስ የወጣ ሲሆን ለአማቴ ከፍ አድርጌ አሳያቸዋለሁ፤ እሳቸውም ቀና ብለው የራሳቸውን ረዘም ያለ ያሳዩኛል። ብርዱን ረሳሁት። መጀመሪያ ካፖርቱ፣ ቀጥሎ ጃኬቱ፣ ከዚያ አንዱ ሹራብ ካቡ ላይ ተሰጣ። አማቴ ደግሞ ረፋዱ ላይ፣ ሰው ሳያየኝ ብለው፣ ጓንቱን አጠለቁ። አይቻቸዋለሁ። ያላየሁ መስዬ ዶማዬን ሰካሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን መጡ። ከመስኩ በላይ በኩል የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አንኮበር ገበያ ላይ ልብስ ይሰፉ ነበር፣ አሁን የሚያውቁት ንባቸውን ብቻ ነው። ከአማቴ ጋር በድንበር ካብ ምክንያት ተኮራርፈው ለዓመታት ሰላምታ ብቻ ነበር የቀራቸው። ካቡ ላይ ቆመው ሁለቱን ክምሮች አዩና ራሳቸውን ያዙ።

«እትዬ፣ እንዲያው ምን በደልኩዎት?»

«ደግሞ ምን ሆኑ?» አሉ አማቴ ከጎነበሱበት ቀና ሳይሉ።

«ንቦቼ የሚያድሩት በዚህ አበባ አይደል? ክረምቱ ሲወጣ ማሩን የሚሠሩት ከምን ሆነና! ሁሉንም ነቅላችሁ ምን ይቅመሱ?»

«እኔ ለእርስዎ ንብ ብዬ እሾህ ላሳድግ?»

«ያሳደጉትማ እርስዎ ነዎት፤ እኔ መች ዘራሁት!»

እኔ በሁለቱ መካከል ዶማዬን ይዤ ቆምኩ። ሁለቱም የሚጣሉት በእርስዎና በእትዬ ነው፤ ድምፃቸው እየጨመረ፣ አክብሮቱም አብሮ እየጨመረ። ሽማግሌው እውነት አላቸው። እኛም እውነት አለን፤ አበባው ካልተነቀለ ፍሬው በነፋስ መስኩን ሁሉ ይዘራዋል። ዙሪያዬን ስቃኝ የገደሉን አፋፍ አየሁ። እዚያ ያለው መሬት ድንጋያማ ተዳፋት ስለሆነ ዶማ አይገባውም፤ ኮሸሽላው ግን ከሌላው ሁሉ ይበልጥ እዚያ ወፍሯል።

«አባባ፣» አልኩ፣ «ያንን ዳር ብንተውልዎትስ? ንቦቹ አበባውን ቀስመው ሲጨርሱ፣ ፍሬ ሳይይዝ ራስ ራሱን እርስዎ ይቆርጡታል። ለእኛ ዘር አይመጣብንም፣ እርስዎም ማርዎን አያጡም። ማገጡም ሲመለስ አበባው ለንብ ይሆናል ብላናለች የግብርናዋ ልጅ።»

ሽማግሌው አፋፉን አዩ። አማቴን አዩ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ የኮሸሽላ አንገት ቆራጭ ልሁን?»

«ልብስ ሰፊ አልነበሩ? መቀስዎ የት ሄደ?» አሉ አማቴ።

ይሄኔ ሽማግሌው ሳቁ። «መቀሴማ አለ» አሉ።

ነገሩ በዚህ ሲበርድ የውድድሩ ዳኛ አደረግናቸው። ዝናብ ያረገዘው ደመና ወደ ምዕራብ ሸሽቶ ፀሐይ ለመጥለቅ ስታዘቀዝቅ በሁለቱ ክምሮች ዙሪያ ዞሩ። የአማቴ ክምር ከእኔ በግልጽ ይበልጣል፤ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሽማግሌው ግን ወደ ሁለተኛ ዙር ገቡ። በትራቸውን የእኔ ክምር ውስጥ ወጉ፤ እስከ መያዣው ገባ። የአማቴ ክምር ውስጥ ወጉ፤ ቋ አለ። እንደገና ወጉ። ቋ! ጎንበስ ብለው ኮሸሽላውን ገለጥ ሲያደርጉ ከሥሩ የወደቀ የካብ ድንጋይ፣ በላዩም ካለፈው ዓመት የቀረ የቀጋ ጉቶ ተገኘ።

«እትዬ!» አሉ ሽማግሌው። «የቄስ ሚስት!»

አማቴ ጓንት ባጠለቁ እጆቻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ማረፊያ እንዲሆነው ብዬ ነው እንጂ! ርጥብ መሬት ላይ እንዳይበሰብስ!» ካሉ በኋላ መቀጠል አልቻሉም። ባሌ መሬት ላይ ተቀምጦ ይስቃል። እኔ ዶማዬን ጥዬ ሆዴን ይዣለሁ። ሽማግሌው ብቻ ናቸው የዳኛ ፊታቸውን እንደያዙ የቆዩት፤ እሳቸውም ብዙ አልቆዩም።

ቤት እንደገባን አማቴ ውኃ ጣዱ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ውኃው ለብ ሲል በሳፋ አድርገው መጥተው ከፊቴ በርከክ አሉ።

«እማማ፣ ኧረ ተዉ! በሞቴ! ነውር ነው!»

«ያልኩትን አላጥፍም። እግርሽን አምጪ።»

ባሌን አየሁት፤ እሱ ጣሪያውን ያያል። እግሬን ዘረጋሁ። አማቴ ጭቃውን በጣቶቻቸው እያሹ፣ በየመካከሉ አንዳንድ እሾህ ሲያገኙ እየነቀሉ፣ ቀስ ብለው አጠቡኝ። እጃቸው እውነትም ጓንት ነበር፤ ሻካራና ሞቃት። ሲጨርሱ እንደ ደንቡ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝና ጉንጬን ሳሙኝ። «የድሬዋ፣ ጎበዝ ነሽ» አሉኝ። እናቴ ድሬዳዋ ናት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንኮበርም አንድ እናት እንዳለችኝ ይሰማኝ ጀመር።

የነቀልነውን ሁሉ ከመስኩ አውጥተን አደረቅን፤ በኋላ አቃጠልነው። በባዶው መሬት ላይ አጃ ዘራን። ባለሙያዋ እንዳለችው አጃው ተሽቀዳድሞ ወጣ፤ ጥቅምት ላይ ገና አረንጓዴ ሳለ አጭደን ስናነሳው ከሥሩ የተገኘው አረም ቢጫና ቀጫጫ ነበር፤ በእጅ ስቦ የሚወጣ። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ሽማግሌው ጎረቤታችን በአፋፉ ላይ ታዩ። በትራቸውን በአንድ እጃቸው፣ ትልቁን የልብስ መቀስ በሌላው ይዘው፣ እያንዳንዷን የኮሸሽላ ራስ ቀጭ እያደረጉ ከረጢት ውስጥ ይከታሉ። አማቴ ከካቡ ወዲህ ሆነው፣ «ከታች አንዷ ቀርታለች! ከግራ! ኧረ ከግራ!» እያሉ ያዝዙ ነበር።

በሦስተኛው ክረምት ሳሩ ራሱ መጣ። ከሳሩ ሥር፣ መጀመሪያ እንደ ቁራጭ ምንጣፍ እዚህና እዚያ፣ በኋላ ተያይዞ፣ ማገጡ ተመለሰ። ነሐሴ ላይ ሐምራዊ አበባ አወጣ። አረም አልጠፋም፤ ግን ያን ጊዜ የእኛ ሥራ በመስኩ ውስጥ እየተንሸራሸሩ፣ እያወሩ፣ ያገኙትን መንቀል ብቻ ሆነ። አንድ ጠዋት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ ወጥተው መስኩ መሐል ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሲነቅሉ አገኘናቸው። እኔ ላባርራቸው ስል አማቴ ያዙኝ። «ቆይ እስቲ፣ ምናልባት አረሙን ይሆናል» አሉ። ማገጡን ነበር። ያን ጊዜ ሁለታችንም እየጮህን ሮጥን።

ሳሩን ያጨድነው ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ፈጽሞ ከወጣ በኋላ ነው። አጫጆቹ በመስመር ሆነው እየዘፈኑ ሲወርዱ፣ የታጨደው ከኋላቸው እንደ ውኃ ተኝቶ ሲቀር፣ ሽታው ሰፈሩን ሞላው። ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው ግን አንድ ከሰዓት ያልታሰበ ደመና ከቆላው ተነሳ። አማቴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ «ሰው ጥሩ!» ብለው ጮኹ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ሴቶች ዕቃቸውን ካቡ ላይ አስቀምጠው ገቡ። ሽማግሌው ጎረቤታችን ንብ ቀፎ የሚያለብሱበትን ሸራ ተሸክመው መጡ። በመንሽም፣ በእጅም፣ በክንድም እያፈስን ከመርን። የመጨረሻውን እቅፍ ጥለን ሸራውን ስንጎትትበት ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ከዚያ አቆመ። ዝናቡ ያ ብቻ ነበር። ፀሐይ ወጥታ ሁላችንም ሳር በሳር ሆነን፣ በፀጉራችንም በአንገታችንም፣ እየተያየን ሳቅን። ሽማግሌው አዲስ ከቆረጡት ማር አንድ ሳህን ይዘው ተመለሱና ከዳቦ ጋር እዚያው ተበላ። ነጭ ማር ነበር። አማቴ ሁለቴ አጠቀሱበት። «መቼም የእኛ ማገጥ ነው እንዲህ ያጣፈጠው» አሉ። ሽማግሌው አልተከራከሩም።

የእኛን ድርሻ ድርቆሽ የጫነው አይሱዙ ለመነሳት ሲዘጋጅ ባሌ ለእናቱ ጋቢናውን ከፈተላቸው። ቤታችን መጥተው አድረው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ከተማ አይስማማኝም ይሉን ነበር። ያን ቀን ግን ላሞቹ ሲበሉት ማየት አለብኝ ብለው ተነስተዋል።

«ጋቢና አልገባም» አሉ። «ያቅለሸልሸኛል።»

«ታዲያ የት ይቀመጣሉ፣ እማማ?»

በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ። ልጃቸው ተቆጣ፣ ለመነ፣ ሹፌሩም ፈገግ አለ። ሴትዮዋ ግን መሰላል አስመጥተው ወጡ። እኔም ተከትያቸው ወጣሁ፤ ብቻቸውን ልተዋቸው ነው? ከመሐል ጎድጎድ አድርገን እንደ ጎጆ ሠራንና ጋቢያቸውን ለሁለት ተከናንበን ተቀመጥን። መኪናው ቀስ እያለ ወጣ። ከዚያ ከፍታ ሲታይ በአንድ በኩል ገደሉና ከሥሩ የተኛው ጉም፣ በሌላ በኩል ሜዳው፣ የገብስ ክምሩ፣ በጎቹ። በየመንገዱ የሚያውቋቸው ሰዎች፣ «እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?» እያሉ ይጮኻሉ። እሳቸውም ከላይ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ «ድርቆሽ ልሸኝ ነው!» ይላሉ። በአንድ ጠመዝማዛ ላይ መኪናው ዘንበል ሲል አንገቴን አቀፉኝ፤ መንገዱ ከተቃና በኋላም እጃቸውን አላነሱም።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ልጄ ከበር ሮጣ ወጥታ አያቷን ከድርቆሽ አናት ላይ ስታይ በጭብጨባ ተቀበለቻቸው። ከወረዱ በኋላ ቤት አልገቡም፤ ቀጥታ ወደ ላሞቹ ሄዱ። አንድ እቅፍ ራሳቸው ጣሉላቸው። ጥቁሯ ላሜ እንደ ልማዷ ልትመርጥ አፍንጫዋን አስገባች፤ አሸተተች፤ ከዚያ ያለ ምንም ምርጫ በአፏ ሙሉ ወሰደች። አማቴ በርጩማ ስበው በረቱ በር ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ላሞች ሲያመነዥጉ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ሰማሽ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ሰማሁ።»

«እሾህ የለበትም።»

ሰኞ ጠዋት እመለሳለሁ ብለው ነበር የመጡት። እስከ ኅዳር ሚካኤል ቆዩ።